መኪናችሁ አጋዘን ከገጨ በኋላ፦ ከኢንሹራንስ ጋር እንዴት ትጨርሳላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ዓይናችሁ መንገድ ዳር ይሁን። ወንዱ አጋዘን ሴቷን ፍለጋ የሚራወጥበት ወቅት ነው፤ በተለይ ሲነጋጋና ሲመሻሽ። አንዷ ከተሻገረች ደግሞ ተከትላት የምትመጣ አትጠፋም። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ጥንቃቄ አይደለም። ዷ! ካለ በኋላ ስላለው ነው።

1. እዚያው ቦታ ላይ

ዳር ያዙ፣ ሃዛርድ አብሩ። የተጎዳ አጋዘን ስለሚራገጥ አትጠጉት። መንገዱን ከዘጋ 911 ደውሉ። ከዚያ ፎቶ አንሱ፦ ከሩቅም፣ ከቅርብም። በመብራቱና በባምፐሩ መካከል የተሰነቀረችው የጸጉር ቁንጥር ከሁሉም በላይ ማስረጃችሁ ናት። የኢንሹራንሱ ገማች የሚፈልገው እሷን ነው። ስለዚህ ቢያስጠላችሁም መኪናውን አትጠቡት።

ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ፈሳሽ የሚንጠባጠብ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው። ሞተሩን አጥፉና ተጎታች ጥሩ። «ቤት ቅርብ ነው» ብሎ መንዳት ሞተር ያቃጥላል፤ ያን ደግሞ ኢንሹራንሱ «አጋዘኑ ሳይሆን አንተ ነህ ያቃጠልከው» ሊል ይችላል።

2. ስልኩን ስትደውሉ

ሙሉ ኢንሹራንስ የምንለው በላያቢሊቲ (በሌላው ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ብቻ የሚከፍለው) ላይ ሁለት ነገር ሲጨመር ነው፦ ኮሊዥን (ለግጭት) እና ኮምፕሪሄንሲቭ (ከግጭት ውጪ ለሚደርስ ጉዳት)። እንስሳ መግጨት የሚሸፈነው በኮምፕሪሄንሲቭ ነው። ብዙ ጊዜ ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትችሉት) አነስ ይላል፣ እንደ ጥፋትም አይቆጠርባችሁም። አጋዘኑን ሸሽታችሁ ዛፍ ወይም የመንገድ ብረት ከገጫችሁ ግን ኮሊዥን ይሆናል። መሪ አትጠምዝዙ፣ ፍሬን ይዛችሁ መስመራችሁን ጠብቁ የሚባለው አንድም ለነፍስ፣ አንድም ለዚህ ነው። ላያቢሊቲ ብቻ ያለው ሰው ከራሱ ኪስ ይከፍላል፤ መፍትሔ የለውም። የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ፣ አታሳምሩት።

3. የመጀመሪያው ግምት

አሁን አሁን ግምቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በላካችሁት ፎቶ ነው። እኔ አላምነውም። አጋዘን ሲገጭ ከውጭ ኮፈንና መብራት የተሰበረ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ራዲያተሩ፣ የኤሲው ኮንደንሰር፣ ከፊት ያለው ራዳር (ርቀት የሚለካው) ሁሉ ይነካል። ራዳር ያለው መኪና ባምፐሩ ከተቀየረ በኋላ መስተካከል አለበት፣ እሱም ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። ስለዚህ ጋራዡ ሥራ ሳይጀምር የመኪናውን ፊት ፈትቶ እንዲያይ ጠይቁ። ካልሆነ ግማሹ ከተጠገነ በኋላ አዲስ ጉዳት ይገኝና መኪናው እዚያው ቶታል (መጠገኑ አያዋጣም) ይባላል፤ እናንተም ሳምንታት በከንቱ ጠብቃችሁ ትቀራላችሁ።

4. «ቶታል ሆኗል» ሲሏችሁ

ቶታል ማለት መኪናው አይሠራም ማለት አይደለም። ሒሳብ ነው። ሒሳቡም እንደ ስቴቱ ይለያያል፦ ኦክላሆማ ላይ የጥገናው ወጪ የመኪናውን ዋጋ 60 በመቶ ሲደርስ ነው፣ ቴክሳስ ላይ 100 በመቶ። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉት ደግሞ የጥገናውን ወጪና የስክራፑን ዋጋ (የተሰበረው መኪና እንዳለ ቢሸጥ የሚያወጣውን) ደምረው ከመኪናው ዋጋ ጋር ያነጻጽራሉ።

ዋናው ጨዋታ ያለው «የመኪናው ዋጋ» የሚለው ላይ ነው። የሚከፍሏችሁ ከግጭቱ አንድ ደቂቃ በፊት ያወጣ የነበረውን እንጂ የገዛችሁበትን አይደለም። እንዴት እንደደረሱበት የሚያሳይ ሪፖርት አላቸው፤ ካልጠየቃችሁ ላይልኩላችሁ ይችላሉ። ጠይቁ፣ ከዚያ መስመር በመስመር አንብቡ። እኔም ደርሶብኛል፤ የእኔ መኪና ሪፖርት ሲመጣ የቆዳ ወንበርና የጣሪያ መስኮት ያለውን መኪና ተራው ሞዴል ብለው መዝግበውታል። ለማነጻጸሪያ ካቀረቧቸው መኪኖች አንዱ ደግሞ ከእኔው እጅግ የበለጠ ማይል የሄደ ነበር። ተቆጥቼ ብደውል ምን ዋጋ ነበረው? በአካባቢው ለሽያጭ የቀረቡ፣ ዓመታቸው፣ ሞዴላቸውና ማይላቸው የሚቀራረብ መኪኖችን ማስታወቂያ ሰብስቤ በኢሜይል ላክሁ። የጎማ ደረሰኝም አያይዤ ነበር። ዋጋው ተስተካከለ። ጩኸት ሳይሆን ወረቀት ነው የሚሠራው።

እንቢ ካሉ ውላችሁ ውስጥ «አፕሬይዛል» የሚል አንቀጽ ካለ ፈልጉ። እናንተም እነሱም የየራሳችሁን ገማች ታቀርባላችሁ፣ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። የእናንተን ገማች የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ ለትንሽ ልዩነት አያዋጣም። ብዙ ስቴቶች ላይ የሽያጭ ታክሱም ይከፈላችኋል፤ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን እዩ።

5. መስጠት ወይስ ማስቀረት?

መኪናውን ለራሳችሁ ማስቀረት ከፈለጋችሁ የስክራፑን ዋጋ ይቀንሱባችኋል። ለምሳሌ ያህል ዋጋው 9,000 ዶላር፣ ዲዳክቲብሉ 500፣ ስክራፑ 1,800 ይሁን። ብትሰጡ 8,500 ትቀበላላችሁ። ብታስቀሩ 6,700 ከነተሰበረው መኪና። በያርድ ዕቃ (ከተፈታ መኪና በወጣ ያገለገለ ዕቃ) 3,500 አውጥታችሁ ብታስጠግኑት 3,200 በእጃችሁ ይቀራል። ጥሩ ይመስላል፣ አይደል?

ግን ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ሳልቬጅ፣ ማለትም የቶታል መኪና፣ ይሆናል። ጠግናችሁ፣ ደረሰኝ አቅርባችሁ፣ ኢንስፔክሽን አልፋችሁ «ሪቢልት» (ተጠግኖ የታደሰ) እስኪባል ድረስ አብዛኛው ስቴት ላይ መንገድ ላይ አይነዳም። ከዚያም በኋላ ስትሸጡት ዋጋው ይወርዳል። 5,500 ካወጣ በእጃችሁ ከቀረው 3,200 ጋር ጠቅላላው 8,700 ነው። ለ200 ዶላር ብሎ ያን ሁሉ ደጅ መጥናት! ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሰጣችሁ ድርጅት ማግኘትም ቀላል አይሆንም።

የሚያዋጣው ጉዳቱ ኮፈን፣ መብራትና ፓራፋንጎ ላይ ብቻ ሲሆንና መኪናውን እስኪያልቅለት ልትነዱት ካሰባችሁ ነው። ኤርባግ ከፈነዳ ወይም ቻሲው ከተጣመመ እኔ እሰጣለሁ፣ ሁለቴ አላስብም። «የማውቀው ልጅ በርካሽ ይሠራልኛል» የሚባለውም ለኤርባግ አይሆንም።

ብድር ካለበት ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ለአበዳሪው ነው። ዕዳው ከዋጋው ከበለጠና ጋፕ ኢንሹራንስ (ይህን ልዩነት የሚሸፍነው) ከሌላችሁ ቀሪውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ያውም መኪና ሳይኖራችሁ።

6. ከመስጠታችሁ በፊት

ኢንሹራንሱ የሚከፍልላችሁ የኪራይ መኪና ካለ፣ ክፍያው ቶታል ከተባለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚቆም መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ ጠይቁ። ታርጋውን ፍቱ፣ የቶል (የመንገድ ክፍያ) ዕቃውን አንሱ፣ ስልካችሁን ከመኪናው ስክሪን ላይ አጥፉ፤ የቤት አድራሻችሁ ጂፒኤሱ ውስጥ አለ። ኢንሹራንሱን ግን ታይትሉ እስኪዛወር አትሰርዙት።