ያገለገለ ትራክተር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አርሲና ባሌን በመሳሰሉ ስንዴ አብቃይ አካባቢዎች ትራክተር ከተለመደ ቆይቷል። አዲሱን መግዛት ግን ከአብዛኛው አርሶ አደር አቅም በላይ ስለሆነ፣ ብዙዎች ለብቻቸውም ይሁን ከዘመድና ከጎረቤት ጋር አዋጥተው ያገለገለውን ይመርጣሉ። ምርጫው ተገቢ ነው፤ ገዢው የሚጎዳው ርካሽነትን በመሸጫ ዋጋው ብቻ ሲለካ ነው። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ በደረሰበት ሳምንት ተበላሽቶ የሚቆም ትራክተር፣ በምንም ያህል ዋጋ ቢገዛ ውድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሞተሩን ከሞቀ በኋላ ማየት ነው። የደከመ የናፍታ ሞተር ጉድለቱ የሚገለጠው ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሳ ስለሆነ፣ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ገዢው ከመድረሱ በፊት አስነስቶ ያሞቀዋል። ስለዚህ በማለዳ ይሂዱ፤ ሞተሩን በእጅዎ ዳስሰው መቀዝቀዙን ያረጋግጡ፤ የዘይት መለኪያውንም መዝዘው ይመልከቱ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መበላሸት ወይም ከዚያ የባሰ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ጥቂት ጭስ ማውጣቱ አያስደነግጥም፤ ከሞቀ በኋላ የማይለቀው ሰማያዊ ጭስ ግን ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ከተደፈነ የአየር ማጣሪያ የመጣ ከሆነ መላው ቀላል ነው፤ ከናፍታ ፖምፓው ከሆነ ግን ወጪው ከባድ ነው።

ትራክተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚያሳየውን ቆጣሪ ብቻ ማመንም አያዋጣም። በቀደሙት ሞዴሎች ቆጣሪው የሚዞረው ከሞተሩ በሚመጣ ገመድ ስለሆነ፣ ገመዱ ከተበጠሰ ትራክተሩ ለዓመታት እያረሰ ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። የፔዳሎቹ መበላት፣ የፊት እግሮቹ ልልነትና የፒቲኦ ዘንግ (የሞተሩን ኃይል ከኋላ ለሚገጠም መሣሪያ የሚያስተላልፈው) ጥርሶች መሳሳት ከቁጥሩ ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ።

ብዙ ገዢዎች የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ይረካሉ፤ ትራክተር ግን የሚገዛው ለመጎተትና ለማንሳት ነው። ማረሻ አስገጥመው መሬት ላይ እንዲያርስ ይጠይቁ፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ግዢውን መተው ይሻላል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በጭነት ጊዜ ማርሽ እየጣለ፣ ፍሪሲዮኑም (ክላቹ) እየተንሸራተተ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ማረሻውን ወደ ላይ አንስተው ሞተሩን ያጥፉ፤ ማረሻው ወዲያው ከወረደ የሃይድሮሊክ ጥገና ይጠብቅዎታል።

ጉልበቱን ከመሬቱ ጋር አለማመዛዘን ሌላው ስህተት ነው። 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ማሴ ፈርጉሰን 240 ለቀላል አፈርና ለተጎታች ሥራ የሚመች ሲሆን፣ ዋልካ መሬት በባለ 3 ዲስክ ማረሻ ለማረስ ግን 85 የፈረስ ጉልበት ያለውን 385 የመሰለ ይፈለጋል። በአንጻሩ ማሳው ትንንሽና የተበጣጠሰ ከሆነ ትልቁ ትራክተር ናፍታ ይፈጃል፣ ለመዞሪያም ይቸግራል። የማረሻና የመከስከሻ ዋጋም ከመጀመሪያው ይታሰብ።

በአካባቢዎ መካኒክ የማያውቀውን፣ መለዋወጫውም በቅርብ የማይገኘውን ሞዴል በዋጋው ተማርከው አይግዙ። ማሴ ፈርጉሰን፣ እንዲሁም ቀድሞ ናዝሬት ላይ ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ በአገራችን ለረጅም ጊዜ ስለሠሩ የሚያውቃቸው ባለሙያ አይታጣም። የኋላ ጎማዎቹ ካረጁም የአዲስ ጥንድ ዋጋ ጠይቆ ከሒሳቡ ማስቀነስ ይገባል።

በመጨረሻ፣ ደላላው ቢያጣድፍዎም ሰነዱን ሳያጣሩ ገንዘብ አይክፈሉ። በሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በአካሉ ላይ ከተቀረጹት ጋር መግጠም አለባቸው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ተይዞ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ትራክተሩ ዕዳ እንደሌለበት በብሔራዊ ባንክ ሥር ካለው የዋስትና መዝገብ ያጣሩ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈራረሙ፤ ስሙ እስኪዛወርም ከክፍያው የተወሰነውን በስምምነት ያቆዩ።