አንድ ቃል ለሁለት ትዕዛዝ ሲገጥም፦ ዲስአሴምብለር ለምትሠሩ

በዋሸራ ቅኔ ቤት ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ያስመሰግናል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለመመረቂያ ሥራ ባለ 16 ቢት ፕሮሰሰር በኤፍፒጂኤ (ውስጣዊ ወረዳው እንደገና ሊዋቀር በሚችል ቺፕ) ላይ ሠርታችሁ ዲስአሴምብለር (የማሽን ኮዱን ቢቶች ወደሚነበብ ትዕዛዝ የሚመልስ ፕሮግራም) ስትጽፉለት ግን አንድ ቃል፣ ማለትም አንድ ባለ 16 ቢት ኮድ፣ አንድ ፍቺ ብቻ ይኑረው።

አስቀድማችሁ የባይት ቅደም ተከተሉን አረጋግጡ። ባይቶቹ ተገልብጠው ከተነበቡ ጤነኛ የትዕዛዝ ሠንጠረዥም የተምታታ ይመስላል።

ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ማስክና ዋጋ መዝግቡ። ማስኩ ቋሚ ቢት (ለዚያ ትዕዛዝ የማይለወጥ ቢት) ባለበት 1፣ በሌለበት 0 ነው፤ ዋጋው ቋሚ ቢቶቹ ራሳቸው ናቸው፣ ሌላው ቦታ 0። ከዚያ ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ ሁለቱን ዋጋዎች ኤክስኦር (በሚለያዩበት ቦታ 1 ይሰጣል)፣ ውጤቱን ከሁለቱም ማስኮች ጋር ኤንድ (ሁሉም 1 በሆኑበት ብቻ 1 ይሰጣል) አድርጉ። 0 ከመጣ ይጋጫሉ። 60 ትዕዛዝ 1,770 ጥንድ ነው፤ ለፓይተን ምንም አይደለም።

አንዱ በሌላው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ ቀላል ነው። «ኮፒ» 0110 .... .... 0000፣ «ተመለስ» 0110 1111 1110 0000 ከሆኑ (ነጥብ ማንኛውም ቢት ነው) ጠባቡ፣ ማለትም «ተመለስ»፣ ይቅደም።

የሚያስቸግረው መጠላለፍ ነው። «ጫን» 1010 .... 0000 .... ፣ «ዝለል» 1010 1111 .... .... ቢሆኑ፣ 1010 1111 0000 0011 የማን ነው? ሁለቱም 8 ቋሚ ቢት ስላላቸው «ቋሚ ቢት የበዛለት ይቅደም» የሚለው የተለመደ ዘዴ አይፈርድም። አንዱ 9 ቢኖረውማ የባሰ ነበር፤ ያለ ማስረጃ ፈርዶ ግጭቱን ይሸፍነዋል። ዳኛው ሃርድዌሩ ነው። የቬሪሎግ (የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ) ኮዱን ክፈቱ፤ በኬስዜድ (casez፣ መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች በተራ በሚያነጻጽር አጻጻፍ) ከተጻፈ ከላይ ያለው መስመር ያሸንፋል። በተናጠል ሁኔታዎች ከተጻፈ ሁለቱም አብረው ሊነሡ ስለሚችሉ ቃሉን በሲሙሌተር አስኬዱና የትኛው ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽ የዳታ ማኖሪያ) እንደተቀየረ እዩ። ዝለል ካሸነፈ፣ ጫን ላይ «መድረሻው ሬጅስተር (ሁለተኛው አራት ቢት) 1111 አይሁን» የሚል ገደብ በግልጽ ጻፉ። በሠንጠረዡ ረድፍ ተራ ብቻ አትተማመኑ፤ ነገ ሌላ ሰው ረድፎቹን በፊደል ሲደረድር ፍቺው ሳይታወቅ ይለወጣል። የሪስክ ፋይቭ (RISC-V፣ ክፍት የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ስብስብ) ባለ 16 ቢት አጫጭር ትዕዛዞችም በዚህ መንገድ ይሄዳሉ፦ የኮፒው ምንጭ ሬጅስተር 0 ሲሆን ቃሉ ዝላይ ይሆናል።

ማስክም ዋጋም እኩል ከሆኑ ወይ ሁለተኛ ስም ነው፣ ወይ ፍቺውን የሚወስነው የፕሮሰሰሩ ሞድ (የአሠራር ሁኔታ) ነው፤ ያኔ ዲኮደሩ (ቃሉን የሚፈታው ክፍል) ሞዱን ማወቅ አለበት።

ከዚህ በኋላ 65,536ቱንም ቃላት አስኬዱ። ከአንድ በላይ የሚገጥም ከተገኘ ፕሮግራሙ በስሕተት ይቁም፤ ምንም የማይገጥመው እንደ ጥሬ ዳታ ይታተም። የተፈታውን መልሳችሁ በአሴምብለር (ትዕዛዙን ወደ ቢት በሚለውጠው ፕሮግራም) አሳልፉት። ያው ቃል ካልወጣ ወይ ሃርድዌሩ የማያያቸው ቢቶች አሉ፣ ወይ የጻፋችሁት ገደብ ልክ አይደለም።