የወይን አተላና ፔፕታይድ በአንድ ናኖፓርቲክል፦ ጎንደር ላይ ለሚሠራ

ቆዳ የሚያለፋው ታኒን ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ስንጠጣ ምላስን ጭምድድ የሚያደርገውም እሱ ነው፤ ፕሮቲን ካገኘ ይዞ ያረጋዋል። ታኒን ያለበትን የወይን አተላ (ከጭመቃ የተረፈ ልጣጭና ዘር) ኤክስትራክት ከፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ጋር ካይቶሳን (ከሽሪምፕ ቅርፊትና ከመሳሰሉት የሚገኝ ፖሊመር) ናኖፓርቲክል፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብጥብጡ ሲደፈርስ ፓርቲክሉ የተሠራ ይመስለዋል፤ ያየው ግን የረጋ ፔፕታይድ ሊሆን ይችላል።

ልጣጩና ዘሩ ከመጭመቂያ እንደወጡ በዚያው ቀን ይድረቁ፣ አለዚያ ይሻግታሉ። ፀሐይ ላይ አይሰጡ፤ ቀዩ ቀለም ይጠፋል። ኦቨን በ40 ዲግሪ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም። በክረምት ዱቄቱ እርጥበት ስለሚስብ ሲሊካ ጄል ካለበት ዕቃ አይውጣ።

ለ10 ግራም ዱቄት 200 ሚሊ ሊትር 70 በመቶ ኤታኖል ይበቃል። 96 በመቶ አልኮል ካለ 146 ሚሊ ለክቶ በተጣራ ውሃ እስከ 200 መሙላት ነው። በፎይል ሸፍኖ 40 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ማማሰል፣ በሻሽ ከዚያም በማጣሪያ ወረቀት ማጥለል። ኤታኖሉ በሮታሪ ኢቫፖሬተር (በቫኩም እያሽከረከረ በሚያተን መሣሪያ) በ40 ዲግሪ ይወጣል። መመሪያው የቫኩም ጌጁን «ከዜሮ በታች 0.8 ባር» አድርሱ ካለ አትድከሙ፦ የጎንደር የአየር ግፊት ራሱ ከ800 ሚሊባር በታች ነው። ፓምፑ ጤነኛ ነው።

ካይቶሳኑን በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር አሟሙቶ ፒኤቹን 5 አካባቢ ማድረግ። ከ6 ካለፈ ካይቶሳኑ ራሱ መርጋት ይጀምራል። ለ20 ሚሊ ካይቶሳን እኩል ጥንካሬ ያለው 4 ሚሊ ትራይፖሊፎስፌት (ካይቶሳኑን አያይዞ ፓርቲክል የሚያደርገው አሉታዊ ጨው) እየተማሰለ ጠብ ጠብ ይጨመር። አሉታዊ ቻርጅ ያለው ፔፕታይድ ከፎስፌቱ ጋር ይግባ፤ አዎንታዊ ከሆነ ካይቶሳኑ ስለሚገፋው ብዙው ውጭ ይቀራል። የተሳካው እንደ ቀጠነ ወተት ሰማያዊ ጭጋግ ይኖረዋል። ፍርፋሪ ከታየ ፎስፌቱ በዝቷል ወይም ፈጥኖ ገብቷል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በአንድ ቱቦ ኤክስትራክትና ፔፕታይድ ብቻ፣ ያለ ካይቶሳን፣ በዚያው ፒኤች ይቀላቀሉ። 30 ደቂቃ ቆይቶ ከደፈረሰ ኤክስትራክቱን መቀነስ ወይም ታኒኑን በፒቪፒፒ (ፖሊፌኖል የሚይዝ፣ የማይሟሟ ዱቄት) ማስያዝ ያስፈልጋል።

ያልገባውን ፔፕታይድ ለማወቅ በሴንትሪፊዩጅ በ16,000 ጂ (የምድር ስበት እጥፍ ነው እንጂ የዙር ብዛት አይደለም) 30 ደቂቃ አሽከርክሮ የላይኛውን ፈሳሽ በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) መለካት ነው። ፎሊን (ፖሊፌኖል በቀለም የሚለካበት ሪኤጀንት) ለዚህ አይሆንም፤ ፖሊፌኖሉም (ታኒንን ጨምሮ) ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ያለው ፔፕታይድም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይሰጡታል።