የእንጨት እርጥበት መለኪያ ስትገዙ

ደሴ ላይ በነሐሴ የሠራሁት የዋንዛ በር ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ጥር ላይ በጣውላዎቹ መካከል ሳንቲም የሚያሾልክ ክፍተት ከፈተ። ጣውላውን ስገዛ በእጄ መዝኜ፣ በጣቴ አንኳኩቼ ደረቅ ነው ብዬ ነበር። ላዩ ደርቆ ነበር፤ ውስጡ ግን ገና ነው። የጉሙ አገር ደሴ ከሞቃቱ ኮምቦልቻ ብዙም አይርቅም፣ ለእንጨት ግን ሌላ አገር ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ መለኪያ ጣውላ አልገዛም።

መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። መርፌ የሌለው ገጹ ላይ ይለጠፋል፣ እንጨቱን አይበሳም፤ ለተላገና ላለቀ ዕቃ ደግ ነው። እኛ የምንገዛው ግን ከመጋዝ የወጣ ሻካራ ጣውላ ስለሆነ በደንብ አይገጥምለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ባለ መርፌውን ግዙ። በሁለቱ መርፌዎች መካከል ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያልፍ ይለካል፤ እርጥብ እንጨት ያሳልፋል፣ ደረቅ ይከለክላል።

የመርፌውን ርዝመት ሳታዩ ብር አትክፈሉ። የጣውላው አማካይ እርጥበት የሚገኘው ከውፍረቱ አንድ አራተኛ ያህል ገባ ብሎ ነው፤ ለ5 ሳንቲሜትር ጣውላ ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ማለት ነው። አጭር መርፌ የእኔን በር ያበላሸውን ደረቅ የላይኛውን ገጽ ብቻ ያነባል። ከጫፉም ግማሽ ሜትር ያህል ገብታችሁ ለኩ፤ ጫፍ ቀድሞ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጣውላ ደግሞ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ።

የእንጨት ዓይነት መምረጫ ያለው ይሻላል፤ ባሕር ዛፍና ዋንዛ በእኩል እርጥበት ላይ እንኳ አንድ ቁጥር ላይሰጡ ይችላሉ። በዝርዝሩ ዋንዛን ካጣችሁ ራሳችሁ አስተካክሉ። ከጣውላው መሃል ትንሽ ቁራጭ ቁረጡ፣ በመለኪያው አንብቡ፣ በወርቅ ሠሪ ሚዛን መዝኑ። ከዚያ በ103 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ። 120 ግራም የነበረው 100 ከሆነ፣ የወጣው 20 ግራም ለደረቁ ክብደት ሲካፈል 20 በመቶ ነው። መለኪያው 17 ብሎ ከነበረ፣ ለዋንዛ በዚያ አካባቢ 3 ትጨምራላችሁ። ከ30 በመቶ በላይ ያለውን ንባብ ግን «ገና እርጥብ ነው» ብላችሁ ብቻ ውሰዱት።

ስንት ሲሆን ሥራ ልጀምር ለሚል፣ እኔ ዕቃው ወደሚገባበት ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ዓመታት የቆየ የዋንዛ ቁም ሳጥን ካለ፣ የመርፌው ቀዳዳ እንዳይታይ ከጀርባው እለካለሁ። አዲሱ ጣውላ ወደዚያ ቁጥር እስኪጠጋ መጋዝ አላነሳም። ደንበኛው ከቸኮለ ሁለቱንም ቁጥሮች አሳየዋለሁ።