የ70ዎቹን የአውስትራሊያ የቤት መኪናዎች ጅማ ሆናችሁ እንዴት ታዩአቸዋላችሁ

ሰላም ወገኖች። ታላቅ ወንድሜ ሜልቦርን ነው ያለው፣ መንገድ ላይ አሮጌ መኪና ባየ ቁጥር ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔም እዚህ ጅማ ሆኜ ለአመታት ሳይ ሳይ እንዴት እንደሚታዩ እየገባኝ መጣ፣ እና መኪና ለምትወዱ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። 70ዎቹ የምለው የፈረንጆቹን ነው፣ በኛ ከ1962 እስከ 72 አካባቢ ማለት ነው።

መጀመሪያ ባለ ሁለት በሮቹን ፈጣን መኪናዎች ተዋቸው። ሞናሮ ምናምን ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሳው ነው። እናንተ ባለ አራት በሩን ፈልጉ፣ አባት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደረሰበትን፣ ቤተሰብ ተጠቅጥቆ ክፍለ ሀገር የሄደበትን። ዋናው ሆልደን የሚባለው የአውስትራሊያ መኪና ፋብሪካ የሰራው ኤችኪው የሚባል ሞዴል ነው፣ በ1971 ወጣ፣ ወደ 485 ሺህ ተመረተ፣ ሆልደን ከሰራቸው ሞዴሎች በብዛት የሚበልጠው የለም። ደረጃውን መለየት ልመዱ፦ ቤልሞንት ጌጥ የሌለው ርካሹ ነው፣ ኪንግስውድ መሀከለኛው የቤተሰብ፣ ፕሪሚየሩ ደግሞ ከፊት በየጎኑ ሁለት ሁለት መብራት አለው። እኔ በጣም የምወደው ቤልሞንቱን ነው፣ ምክንያቱም ማንም ላስቀምጠው ብሎ አላሰበም፣ ተሰርቶበት ተሰርቶበት ነው ያለቀው፣ ስለዚህ አንድ ደህና የቆየ ስታዩ ቆም በሉ።

ቀጥሎ ኮፈኑን አስከፍቱ። ኤችኪው ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረ፣ ቀይ የተቀባ፣ 2.8 ወይ 3.3 ሊትር ሞተር ነው። ዙሪያውን ያለውን ክፍት ቦታ እዩልኝ! ካንዴላው ካርቡራተሩ ሁሉም እጅ ስር ነው፣ ጋራዥ ሩቅ በሆነበት አገር መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ባለቤቱ ራሱ እንዲፈታው ነው፣ ይሄ ነገር ከጅማ አዲስ አበባ በድሮው መንገድ የተመላለሰ ሹፌር ወዲያው ይገባዋል። ፎርድ ፋልከንም በ1960 አሜሪካ ለተነጠፈ አስፋልት እንደተሰራ ነበር የመጣው፣ የፊት እግሩ የአውስትራሊያን ኮረኮንች አልቻለም፣ ከዛ እያጠነከሩት እያጠነከሩት ቆይተው በ1972 ኤክስኤ የሚባለውን ሙሉ በሙሉ እዛው ነደፉት። ስለዚህ ፋልከን ስታዩ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ጎንበስ ብላችሁ ከስርም እዩት።

ውስጡ፣ ርካሾቹ ላይ የፊት ወንበሩ አንድ ረጅም ሶፋ ነው፣ ሶስት ሰው ይይዛል፣ ማርሹ ከመሪው ስር ነው፣ ሶስት ማርሽ ብቻ። ፔጆ 404 የነዳ አባት ወይ አጎት ካላችሁ እጁ እንዴት እንደሚሄድ ጠይቁት፣ ቃል በቃል ያሳያችኋል።

ሌይላንድ ፒ76 ስለሚባለው መኪና ደግሞ ልንገራችሁ፣ በ1973 ወጥቶ 1974 ላይ ፋብሪካው ተዘጋ። የኋላ ሻንጣው ሙሉ በርሜል ይይዛል፣ የ200 ሊትሩን፣ እኛ ውሃ የምናጠራቅምበትን! የገጣጠም ችግር ነበረበት፣ በዛ ላይ የነዳጅ ቀውሱ ደረሰበት፣ ያው በኛ የካቲት 66 የአዲስ አበባ ታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ አድማ የመቱበት ጊዜ ማለት ነው። ብዙዎች እንደ ውድቀት ነው የሚያወሩለት፣ እኔ ግን ያሳዝነኛል፣ ጥሩ ሀሳብ ነበር።

አይናችሁን እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለማምዱ። ፔጆ 504 ሜልቦርንም ይገጣጠም ነበር፣ ቶዮታ ኮሮላም ከ1968 ጀምሮ እንደዛው፣ ስለዚህ አጂፕ ጋር ወይ ፈረንጅ አራዳ የቆመ አሮጌ 504 ካገኛችሁ ወንድሜ የሚያየውን ነው የምታዩት። ባለቤቱን አስፈቅዱና ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ የበሩን የታችኛውን ጠርዝና ፓራፋንጎውን ዳብሱ፣ የማይዝበት ቦታ ላሜራው ተበልቶ በስቱኮ ተሞልቷል። የጅማ ዝናብ የት የት እንደሚበላ ካወቃችሁ ኤችኪውም ላይ የት እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁ፣ በተለይ የኋላ መስታወቱ ስር፣ ውሃ እዛ ይተኛል። ዝገት ስላለው ግን አትናቁት፣ የተቀባበትን ዋናውን ቀለም፣ የሹፌሩ ክንድ የፋቀውን በር፣ የተሰነጠቀውን ዳሽቦርድ እዩ፣ አዲስ ቀለም ከተቀባው ይልቅ እሱ ነው የሚያወራችሁ።

አውስትራሊያ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ፎቶ ብቻ አትቀበሉ፣ ቪዲዮ አስቀርጹ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሲነሳ፣ በሩ ሲዘጋ ድምጹ፣ ከመሪ ስር ማርሹ ሲገባ፣ እና ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ ማን እንደገዛው የት የት እንደሄደበት ይጠይቁላችሁ። ወንድሜ አንዴ አንድ ሽማግሌ አናግሮ ሊላክልኝ የነበረው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አርባ ደቂቃ ሆኖ መጣ፣ ሰውየው ኪንግስውዱን ከሚስቱ ጋር ገና ሳይጋቡ ነው የገዛው።