ክራርን በትዝታ ሜጀር በጆሮ መቃኘት

በስልክ ላይ የሚጫን የመቃኛ መተግበሪያ ለክራር ተማሪ ይጠቅማል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ክር በኋላ ወደ ጎን ቢደረግ ይመረጣል። መተግበሪያው ኦክታቭን (ንዝረቱ እጥፍ እስኪሆን ያለውን የድምፅ ርቀት) ለ12 እኩል ከፍሎ የሚለካ ሲሆን፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ብቻ ያሉት የትዝታ ሜጀር ቅኝት ግን በ3 ለ2 የንዝረት ምጣኔ፣ ማለትም በዶና በሶል መካከል ባለው ንጹሕ አምስተኛ ርቀት፣ ሲቃኝ ይበልጥ ያምራል። ዘዴው ጥንታዊ ነው፤ በጥንታዊቷ የሜሶጶጣሚያ ከተማ በኡር የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የተጻፈ የሸክላ ጽሑፍ የክራር ዘመድ የሆነ መሣሪያ በአምስተኛና በአራተኛ (4 ለ3) ርቀቶች እንዴት እንደሚቃኝ ያሳያል።

በፒያሳ ወይም በአራት ኪሎ መኖሪያው ወደ አስፋልት የሚመለከት ሰው የታክሲ ጥሩምባ ሳይበረታ በማለዳ ቢቃኝ ይሻለዋል፤ የሚደመጠው ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱ የሚፈጠረው ስስ መርገብገብ ነውና። መርገብገቡ እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ ርቀቱ ጠርቷል።

ስድስቱን ክሮች ከዝቅተኛው ድምፅ ጀምረን እንቁጠር። 1ኛው ለዘፋኙ በሚመች ከፍታ፣ ለምሳሌ በሴኮንድ 240 ንዝረት፣ ይቃኛል። ከዚያ 4ኛው ከ1ኛው አምስተኛ ወደ ላይ (360)፣ 2ኛው ከ4ኛው አራተኛ ወደ ታች (270)፣ 5ኛው ከ2ኛው አምስተኛ ወደ ላይ (405)፣ 3ኛው ደግሞ ከ5ኛው አራተኛ ወደ ታች (303.75) ይቃኛሉ። 6ኛው የ1ኛው ኦክታቭ (480) ነው፤ ከ4ኛው ጋር ሲመታ መርገብገብ ከተሰማ ከ1ኛው፣ ከ4ኛውና ከ6ኛው አንዱ ተዛብቷል።

በእኩል ክፍፍል 3ኛው ክር 302.4 ያህል ስለሚሆን መተግበሪያው «ከፍ ብሏል» ማለቱ አይቀርም፤ ከኪቦርድ ጋር ካልተጫወትን በቀር ልንሰማው አይገባም።

አንዱ ክር ሲወጠር ቆዳው ስለሚሰምጥ ቀድመው የተቃኙት ይረግባሉ፤ ስለዚህ ዙሩን መድገም ግድ ነው፣ በተለይ እርጥበት ቆዳውን በሚያላላበት ክረምት። በእነዚሁ ክሮች 5ኛውን መነሻ ካደረግን ባቲ ማይነር የተባለውን ቅኝት እናገኛለን። የአምባሰል ቅኝት ግን ግማሽ ድምፅ (ከኦክታቭ 12 ክፍሎች የአንዱን ያህል ጠባብ ርቀት) ስላለው በዚህ ሰንሰለት ብቻ አይቃኝም።