ትራያምፍ ቦንቪልን በብርድ ጠዋት ማስነሳት

እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 የተሠራው ባለ 650 ሲሲ ቦንቪል ሞተር ብስክሌት ከጉልበት ይልቅ ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

ለሳምንታት ቆሞ ከነበረ መጀመሪያ የዘይት ታንኩን እዩ። ጎድሎ ብታገኙት ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ዘይቱ በፓምፑ ቫልቭ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ወርዶ ይሆናል። ከሥር ያለውን ቡሎን ፈትታችሁ አንጠፍጥፉት፤ ያለዚያ ሰፈሩን በጭስ ትሞሉታላችሁ።

ማብሪያውን ሳትከፍቱ ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ማስነሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ርገጡ። በዘይት የተጣበቁት የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች ካልተላቀቁ፣ አንደኛ ማርሽ ስታስገቡ ሞተር ብስክሌቱ ዘሎ ሞተሩ ይጠፋል።

አሁን ቤንዚኑን ክፈቱ። በሁለቱም የአማል ካርቡራተሮች (ቤንዚንና አየር ቀላቃዮች) ላይ ያለችውን ትንሽ መጫኛ ቤንዚን ብቅ እስኪል ተጫኑና የፈሰሰውን ጥረጉ። (ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ይህን ተዉት፤ ካንዴላው ይረጥባል።) ማብሪያውን ክፈቱ። ማስነሻውን ጠንከር እስኪል ቀስ ብላችሁ ግፉት፣ ወደ ላይ መልሱት፣ ከዚያ በሙሉ ክብደታችሁ እስከ ታች ርገጡ። የግማሽ ልብ ርግጫ ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ይመታል።

እምቢ ካለ የካንዴላው ክፍተት 0.6፣ የኮንታክቱ (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው) 0.38 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለኩ።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው።